ሁለቱ ነጫጭ ብልቃጦች

ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ፣ ዝናብ አባሮኝ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ አንድ ወጣት የብልቃጥ ክዳን በአልኮል ጥጥ ጠርጎ መርፌ ሲሰካበት ሽታው ደጅ ድረስ መጣ። መጀመሪያ አልኮሉ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከእሱ ኋላ እርጥበት ያገኘው ዳቦ የመሰለ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ሌላ ሽታ ቀስ ብሎ ይከተላል። የፔኒሲሊን ሽታ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አብረውኝ የተጠለሉት ሁሉ ሄዱ። እኔ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ቤት ያሳለፍኩት ክረምት እንዳለ መጣብኝ።

የዚያን ክረምት እናቴ ወንድሜን አርግዛ ነበር። እርግዝናው ከበዳትና ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ባለችው የጨርቅ ሱቁና በእናቴ አልጋ መካከል ሲመላለስ እኔን የሚያይ ሰው ታጣ። ትምህርት እንደተዘጋ ወደ ታላቅ እህቱ፣ ወደ እትዬ ዘይነብ ሊልከኝ ወሰነ።

“ደመናን ካልያዝኩ አልሄድም” አልኩት።

ደመና ድመቴ ናት። መልኳ ነሐሴ ወር ላይ ጦሳ ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም ይመስላል። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከመንገዱ “ደመና!” ብዬ ስጣራ ከየትም ትሁን ጅራቷን አቁማ ትመጣ ነበር። አባቴ ለመከራከር አቅም ስላልነበረው ቅርጫት ውስጥ ከተታት፣ በእናቴ ሻሽ ሸፈናት፣ ሦስታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ደመና መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ብርድ ልብስ ሸፈነኝ።

እትዬ ዘይነብ የከብት ሐኪም ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ ሲራመዱ የሚሮጡ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት መንግሥት ክሊኒክ ይሠራሉ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ውሻውንና ድመቱን ይዞ ግቢያቸው ይመጣል። ልጆቻቸው አድገው ሄደዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሼ ሰይድ ብቻ ናቸው። ጋሼ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። የማሽን ጩኸት ለምደው ስለነበር ዝምታ ያስቸግራቸዋል፤ ሬዲዮ ከፍተው እዚያው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

አክስቴ መርፌ ከመንካታቸው በፊት የሚያደርጉት ብዙ ነገር ነበራቸው። መጀመሪያ ይመዝናሉ። ድመት ሲመጣ ድመቱን አቅፈው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ድመቱን አስቀምጠው ብቻቸውን ይወጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን፣ አክስቴ መወፈር አለመወፈራቸውን ማወቅ የሚወዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን “እትዬ እኮ ምንም አልጨመሩም” ብዬ ላጽናናቸው ስሞክር ጋሼ ሰይድ ሻያቸው ትን አላቸው።

“ልዩነቱን ነው የምፈልገው የኔ እናት” አሉኝ አክስቴ፣ እሳቸው ሳይስቁ። “መድኃኒት በዐይን አይሰፈርም። ትንሽ ከሆነ በሽታው ይለምደዋል፤ ብዙ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል።”

ከዚያ ብልቃጡ ላይ ያለውን ቀን ያነባሉ። ነጩ ውሃ ከታች የረጋ ስለሆነ እስኪዋሃድ ያገላብጡታል። ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ መርፌ ይፈታሉ። ከወጉ በኋላ ደግሞ ወዲያው አይገፉትም፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ደም መግባት አለመግባቱን ያያሉ። ደም ከታየ ነቅለው ይጥሉታል። “ይሄ ነጩ ደም ስር ከገባ ምሕረት የለውም” ይሉ ነበር።

እና መጨረሻ ላይ የእኔ ሥራ ይመጣል። ማንም እንስሳ መርፌ ተወግቶ ወዲያው ከግቢው አይወጣም። ግማሽ ሰዓት ከማንጎው ዛፍ ስር ይቀመጣል፣ እኔ ከፊቱ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ።

“ምን እንደምታዪ ድገሚልኝ” ይሉኛል።

“ከንፈሩ ወይም ዐይኑ ካበጠ። ካስመለሰው። ትንፋሽ ካጠረው። ከተንገዳገደ።”

“ከዚያስ?”

“እርስዎን እጠራለሁ። አልነካውም፣ አልጠብቅም።”

“ጎበዝ።”

ጋሼ ሰይድ “ዶክተር ሰሚራ” ይሉኝ ጀመር። ሰሚራ ስሜ ነው፤ ዶክተሩን እሳቸው ጨመሩበት። እኔ ቀልድ መሆኑን አላወቅኩም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ስለ መርፌ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ሁለት ብልቃጦች ይቀመጡ ነበር። ቁመታቸው እኩል፣ ውስጣቸው እኩል ነጭ፣ ክዳናቸው እኩል ላስቲክ። የሚለዩት በእንግሊዝኛ በተጻፈው ስማቸው ብቻ ነው። አንዱ ፔኒሲሊን ብቻውን ነው። ሌላው ፔኒሲሊኑ ላይ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት የተጨመረበት ነው። እንግሊዝኛ ፊደል ስለማውቅ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

“ይሄኛው ለእነ አንበሶ ነው” አሉኝ አክስቴ ሁለተኛውን እያሳዩ። አንበሶ የጎረቤታችን የአቶ ጌታቸው ትልቅ ውሻ ነው። “ጠንካራ ነው። ድመት ላይ አልደፍረውም።”

ለምን እንደማይደፍሩት አልጠየቅኳቸውም። ከሁሉም “ጠንካራ” የምትለዋ ቃል ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ሐምሌ ሲያልቅ ደመና ከአንድ ወንድ ድመት ጋር ተጣላችና ጭኗ ላይ ተነከሰች። ቁስሏ ከላይ ተዘግቶ ከውስጥ መግል ቋጠረ። ምግብ እምቢ አለች፣ አልጋ ስር ገብታ ተኛች። እትዬ ዘይነብ እባጩን ከፍተው አጠቡት፤ ሽታው እንዳያስመልሰኝ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ያዝኩ። ከዚያ አቅፈዋት ሚዛን ላይ ወጡ፣ ብቻቸውን ወጡ፣ ከፔኒሲሊኑ በቀጭኗ ሲሪንጅ ጥቂት ቀድተው ወጓት።

“አምስት ቀን ትወጋለች” አሉ። “ሁለት ቀን ተወግታ ተሻላት ብለን አንተውም።”

በሁለተኛው ቀን ወግተዋት እንደጨረሱ አባቴ ደወለ። እናቴ ያለ ጊዜው ምጥ መጥቶባት ወልዳለች። ልጁ ትንሽ ነው፣ ግን ይተነፍሳል። እናቴን ግን ኃይለኛ ትኩሳት ይዟታል። አክስቴ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። በዚያው ልብሳቸውን በፌስታል ቋጠሩ።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ ሰይድን ጠርተው ቀጫጭን ሲሪንጆች ሁለት ሰጧቸው። ሁለቱም ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምረዋል። “ነገና ከነገ ወዲያ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከፔኒሲሊኑ እስከዚህ መስመር ድረስ። ደሙን ማየት እንዳትረሳ። ሦስተኛው ቀን እኔ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ስሙን አንብቢለት።”

በማግሥቱ እንዳሉን አደረግን። ጽሑፉን አነበብኩ፣ ጋሼ ሰይድ ማሽን እንደሚጠግኑ ሁሉ ዐይናቸውን አጥብበው እስከ መስመሩ ቀዱ። ደመና ጮኸች፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አየኋት። ምንም አልሆነችም። ቁስሏ ግን አሁንም ያዣል። “እናትሽ እንዴት ናት?” ብሎ የመጣው ጎረቤት ሁሉ እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ እናቴ ልትሞት እንደሆነ ገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ብቻ ከራሴ ጋር አንድ ስምምነት አደረግኩ፤ ደመና ከዳነች እናቴም ትድናለች።

አክስቴ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፊት የጋሼ ሰይድ ስልክ ጮኸ። ሬዲዮውን ቀነሱና ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ።

“እ… እ… ወደ ጠንካራው ቀየሩላት? አልሃምዱሊላህ! ትኩሳቱስ? ወረደላት? አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ! ከትናንትናው ይልቅ ይሄኛው ያዘላት በይኛ!”

ስልኩን ሲዘጉ ዐይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። “አብሽሪ ሰሚ፣ አብሽሪ! እናትሽ ተሻላት” አሉኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። “እትዬሽ ግን ሁለት ቀን ትጨምራለች።”

ሰዓቱ ሲደርስ ማቀዝቀዣውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ነጫጭ ብልቃጦች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጋሼ ሰይድ ከኋላዬ ሲሪንጁን ይዘው ይጠብቃሉ።

“የትኛው ነው ዶክተር?”

በደንብ አነበብኩ። አልተሳሳትኩም። እጄን ወደ ጠንካራው ሰድጄ አወጣሁት።

“ይሄ ነው” አልኩ።

“ትናንት በዚያ በኩል ያለው አልነበረም?”

“አይደለም ጋሼ። ፔኒሲሊን ይላል፣ ይኸው።”

ግማሹ እውነት ነበር። ስሙ የሚጀምረው በዚያው ፊደል ነው።

በዚያ ቀን ደመና ምንም አልሆነችም። ሦስተኛው ቀን ላይ መስመር የተሰመረባቸው ቀጫጭን ሲሪንጆች አልቀው ነበር። ለውሻ የሚሆኑ ወፋፍራም ብቻ ቀርተዋል። ጋሼ ሰይድ አክስቴ ዘንድ ደወሉ፤ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆኑ ስልካቸው ተዘግቷል።

“ነገ ብንጠይቃት ይሻል ይሆን?” አሉ።

“አንድ ቀን መዝለል የለበትም ብለዋል እትዬ። አምስት ቀን ነው ያሉት።”

“እሱስ ብላለች። ታዲያ እስከ የት ልቅዳ?”

ጣቴን ወፍራሙ ሲሪንጅ ላይ አሳረፍኩ። ቀጭኗ ላይ የነበረው መስመር በቁመት ያለበትን ቦታ አስታውሼ ነው። ከዚያ ደግሞ ቶሎ እንዲያድናት ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ወፍራም ሲሪንጅ በዚያው ቁመት ስንት እጥፍ እንደሚይዝ አላሰብኩም። ጋሼ ሰይድ ጣቴ ያረፈበት ድረስ ቀዱ። አምስተኛው መርፌ እሱ ነበር።

ቁስሏ ደረቀ። እኔ በደስታ አልቻልኩም። ግን በአራተኛው ቀን ጠዋት ደመና ከአልጋው ስር ስትወጣ እንደ ሰከረ ሰው ጎኗን ግድግዳው ላይ እየጣለች ነበር። ጭንቅላቷ ወደ አንድ ወገን ዘመመ። ወተቷን አስቀምጬ “ደመና!” ብዬ ተጣራሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ እንዳለች አልዞረችም።

“ደመና! ደመናዬ!”

ጆሮዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ተቀይማኛለች አልኩ። ስትወጋ እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቂም ይዛብኛለች። ሰዎች ሲኳረፉ እንደሚያደርጉት ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ “አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት። አየችኝ፣ እጄን ላሰችኝ። ዞሬ ከኋላዋ ስጣራ ግን እንደገና ዝም። አፏ ይታረቀኛል፣ ጀርባዋ አይታረቀኝም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስለማመጣት ዋልኩ።

እትዬ ዘይነብ በማግሥቱ መጡ። ፌስታላቸውን ሳያስቀምጡ “እናትሽ ደህና ናት፣ ወንድምሽም መጥባት ጀመረ” አሉኝና ሳሙኝ። ከዚያ ትከሻዬን ለቀው ወደ ወለሉ አዩ። ደመና የቡና ረከቦቱን ልትዘል ሞክራ ወድቃ ነበር።

ፊታቸው ተለወጠ። “ምንድን ነው የተሰጣት?”

“ያልሽውን ነዋ” አሉ ጋሼ ሰይድ።

አክስቴ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዱ። የፔኒሲሊኑን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው አዩ። ጠንካራውን አንስተው አዩ፤ ጎድሎ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከኩሽና የብረት ትሪ አምጥተው፣ በጫማቸው ጫፍ ቀስ ብለው ተራምደው ከደመና ኋላ ቆሙና ትሪውን በማንኪያ መቱት። እኔ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። ጋሼ ሰይድም ደነገጡ። ደመና እግሯን መላሷን ቀጠለች።

“ጆሮዋ ሄዷል” አሉ አክስቴ። “ጠንካራው የድመት ጆሮ ይገድላል።”

መጀመሪያ የተሰማኝን አልረሳውም፤ እፎይታ ነበር። አልተቀየመችኝም። ሳትሰማኝ ነው ዝም ያለችኝ። ይህን አስቤ ልቤ ቀለል ሲለኝ፣ በዚያው ትንፋሽ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

“ይሄንን ብልቃጥ ማን ነው ያወጣው?” አሉ አክስቴ።

ጋሼ ሰይድ እኔን አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም። 

“እኔ ነኝ” አሉ። “ተመሳሰለብኝ።”

“መጠኑስ?”

“እሱንም እኔ ነኝ።”

አክስቴ ብዙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “አንድ ስልክ እስክታገኝ ብትጠብቅ ምን ነበረበት ሰይድ? አንድ ቀን ብትዘልስ? የማያውቁትን መርፌ ከመውጋት አለመውጋት ይሻላል እኮ” አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። “የኔም ጥፋት ነው። መርፌ ትቼ መሄድ አልነበረብኝም።” ሁለቱንም ብልቃጥ በቁልፍ ሳጥን ውስጥ ከተቱ፤ ሳጥኑንም ማቀዝቀዣው ውስጥ መልሰው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ።

እኔ ደመናን አቅፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። 

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ረጅም ነበር። ቤት ውስጥ የሚሰማው ሬዲዮው ብቻ ሆነ። አክስቴና ጋሼ ሰይድ “ሻይ ይቅዳልህ?” “አይ፣ ይበቃኛል” ከመባባል አያልፉም። ጋሼ ሰይድ እኔን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ “ዶክተር” ማለቱን ግን ትተዋል። ደመና መንገዳገዱ ቀስ በቀስ እየቀነሰላት ሄደ፤ መስማቱ አልተመለሰም። ከሁሉ የባሰኝ ደግሞ አክስቴ ሥራዬን አልቀሙኝም። ከሰዓት በኋላ እንስሳ ሲመጣ እንደ ድሮው ዱካዬን ራሳቸው ያወጡልኛል። “ምን እንደምታዪ ድገሚልኝ” ይሉኛል። እደግማለሁ። 

አንድ ከሰዓት አቶ ጌታቸው አንበሶን አመጡት። ከዚህ በፊት የታከመበት ቁስል አገርሽቶ ነበር። ውሻው የአህያ ውርንጭላ ያክላል፤ እንደኔ ያለች ልጅ ትጋልበዋለች። አቶ ጌታቸው ቸኩለዋል፤ የቤተ ክርስቲያን የሰበካ ስብሰባ አለባቸው።

“መርፌውን ብቻ ስጪኝና ነገ ነገ እኔው ልውጋው ወይዘሮ ዘይነብ። ለአንቺም ድካም ይቀንስልሻል” አሉ።

“መርፌ ከእጄ አይወጣም አቶ ጌታቸው። ዛሬም ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጥ አይሄድም።”

“ስንቴ ተወግቶ ምን ሆነና ነው!”

“ስንቴ የተወጋውም አንዳንዴ በሌላ ቀን እምቢ ይላል።”

አቶ ጌታቸው አጉረመረሙ፣ ግን ቁጭ አሉ። እኔ አንበሶ ፊት ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየሁ፤ ውሻው አፍንጫውን በፊት እግሩ ማሸት ጀመረ። ዝንብ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የግራ ዐይኑ ጠበብ ያለ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከንፈሩ እንደ ተነፋ ጎማ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

“እትዬ!” ብዬ ጮህኩ። “እትዬ አበጠ! አንበሶ አበጠ!”

አክስቴ ከቤት ሲወጡ ውሻው አስመልሶ ጉልበቱ ከድቶት ነበር። አቶ ጌታቸው “ወይኔ እመቤቴ!” ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።  አክስቴ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ እንዲህ ያለውን እብጠት የሚያስቆም መድኃኒት ያለባትን ትንሽ የመስታወት አምፑል አንገቷን ሰበሩ፣ ቀዱ፣ ጭኑ ላይ ወጉት። ከዚያ ደረቱ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ተንበረከኩ። እኔ ትንፋሹን እቆጥር ነበር። ይፈጥናል፣ ይቆራረጣል፣ እንደገና ይፈጥናል። አቶ ጌታቸው በጸሎት ላይ ናቸው፤ አክስቴም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቆይቶ ትንፋሹ ረዘም አለ። ቆይቶ ጅራቱ መሬቱን አንድ ጊዜ መታ።

አክስቴ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። “ከእንግዲህ ይሄ ውሻ ፔኒሲሊን የሚባል ነገር አይነካም። የትም ብትወስደው፣ ማንም ቢያክመው፣ መጀመሪያ ይሄንን ትናገራለህ” አሏቸው።

አቶ ጌታቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው “ልጅሽ ባትኖር እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ መንገድ ላይ ይሞትብኝ ነበር። እግዜር ያሳድግሽ” አሉ።

“ዐይኗ አዳነው” አሉ አክስቴ።

ምስጋናው አንገቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተንጠለጠለ። አቶ ጌታቸው አንበሶን ቀስ እያስረመዱ እስኪወጡ ድረስ ቻልኩት። የግቢው በር ሲዘጋ ማልቀስ ጀመርኩ።

“እትዬ፣ ዐይኔ ማንንም አላዳነም” አልኩ። “ያን ጊዜ ብልቃጡን ያሳሳቱት ጋሼ አይደሉም። እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁ። አውቄ ነው ጠንካራውን ያወጣሁት። እስከዚህ ቅዱ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።”

ጋሼ ሰይድ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ሬዲዮውን አጠፉት።

እትዬ ዘይነብ የተሰበረችውን አምፑል በጥጥ ጠቅልለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተቷት። ከዚያ ዱካዬ ላይ ተቀመጡና ከፊታቸው አቆሙኝ።

“አውቃለሁ” አሉ።

“ጋሼ ነገሩዎት?”

“እሱ? እሱማ ቢገድሉትም አይነግረኝ። ሰይድ የእንግሊዝኛ ፊደል አያነብም ልጄ። ሁለቱ ብልቃጦች ደግሞ በጽሑፍ ካልሆነ አይለዩም። አንቺን ሳይጠይቅ እንደማይነካ አላጣሁትም።”

“ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?”

“ከአንቺ አፍ እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር።” እጄን ያዙኝ። “አሁን ለቅሶውን ተዪና በትክክል ንገሪኝ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ? እስከ የት? ስንት ጊዜ? ይህን ሁሉ ቀን ግምት ይዤ ነው ያስታመምኳት። ያ መድኃኒት ኩላሊትም ይጎዳል፤ ልኩን ካላወቅኩ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ጥፋት ሲደበቅ እንስሳው ሁለተኛ ይታመማል።”

ነገርኳቸው። ወፍራሙን ሲሪንጅ አምጥተው ጣቴን የት እንዳሳረፍኩ አሳየኋቸው። ሲያዩት ዐይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ።

“ለምን ነው ጠንካራውን የመረጥሽው?”

“እናቴን ጠንካራው ስላዳናት። ደመና ካልዳነች እማዬ…” 

አክስቴ ወደ ደረታቸው ሳቡኝ። ልብሳቸው የአልኮል ሽታ ነበረው። “ያንቺ እናት ጠንካራውን ያገኘችው ሐኪሙ መርምሮ፣ ለእሷ የሚሆነውን መርጦ ነው። ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፣ ልኳ ስለሆነ ነው” አሉኝ።

ከዚያ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። “አውፍ ይበሉኝ ጋሼ” አልኳቸው።

“እኔም አጥፍቻለሁ” አሉ፤ እጃቸውን እየተመለከቱ። “አምሳ ዓመት ማሽን ሳይገባኝ ነክቼ አላውቅም። ነፍስ ያለውን ነገር ሳይገባኝ ነካሁ።” ወደ አክስቴ ቀና ብለው አዩ። አክስቴ ባዶውን ብርጭቆ ከእጃቸው ተቀብለው፣ ሳይጠይቁ ሻይ ሞልተው መለሱላቸው። እርቃቸው ያ ነበር።

ጳጉሜን ላይ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ቅርጫቱ ተዘጋጅቶ በረንዳው ላይ ነበር። የደሴ ቤታችን አስፋልት ዳር ነው፤ ባጃጅና ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ደመና ደግሞ ጡሩምባ ሲነፋላት ነበር ከመንገድ ዘላ የምትወጣው። አክስቴ ይህን አልነገሩኝም። እኔው ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እዚህ ግቢው ታጥሯል፤ ጋሼ ሰይድም ወለሉን በእግራቸው መታ መታ ሲያደርጉ ንዝረቱ ተሰምቷት መዞር ጀምራለች። ቅርጫቱን ወደ ውስጥ መለስኩት።

“አትወስጃትም?” አለ አባቴ ገርሞት።

“እዚህ ትቅር” አልኩ።

አክስቴ እስከ በሩ ሸኙኝ። “እናትሽ ስትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?”

“እውነቱን።”

“ሙሉውን?”

“ሙሉውን።”

ቤት ስገባ እናቴ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋ ነበር። ከስታለች። ወንድሜ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጎኗ ተኝቷል፤ ከፊቱ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። ሳመችኝ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ፤ ከዚያ ባዶ እጄን አየች።

“ደመናስ?” አለችኝ።

 “ጠፋች” ማለት ይቻል ነበር። “እትዬ አስቀሯት” ማለትም ይቻል ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ከተነከሰችበት ቀን ጀምሬ፣ ማቀዝቀዣውን የከፈትኩበትን፣ “ይሄ ነው” ያልኩበትን፣ ጋሼ ሰይድ ስለ እኔ የተናገሩትን፣ እኔ ዝም ያልኩባቸውን ቀናት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ።

የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እናቴ ሕፃኑን ወደ ግድግዳው አስጠግታ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።